ኒሻኑ የቆጠረውና ያልቆጠረው

ከጥቂት ወራት ወዲህ ማታ ማታ የማነበው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከፍተኛ ኒሻን ስለተሸለሙ የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪዎች ነው። አየር ላይ ከአውሮፕላን ጋር ስለተፋለሙት ስለ ተዋጊዎቹ አብራሪዎች የተጻፈው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ወደ ቦምብ ጣዮቹ ያዘነበልኩት መዝገባቸው ራሱ ጥያቄ ስለሆነብኝ ነው። የተዋጊው አብራሪ መዝገብ በእሱ እጅ የወደቀውን አውሮፕላን ይቆጥራል። የቦምብ ጣዩ መዝገብ ደግሞ ስንት ጊዜ ለግዳጅ እንደበረረና ስንት ሺህ ቶን መርከብ እንዳሰጠመ ቆጥሮ እዚያው ያቆማል፤ ቦምቡ ከአውሮፕላኑ ሆድ ከተለየ በኋላ የሆነው ነገር፣ ከቦታው ስም በቀር፣ በዚያ መዝገብ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ማስታወሻ ደብተር ገጹን ለሁለት ከፍዬ፣ በግራ በኩል ሰውየው የሠራውንና የተሸለመውን፣ በቀኝ በኩል ደግሞ በዚያ ዕለት ከሥሩ የነበረውን መጻፍ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒሻኑ ራሱ ረጅም ታሪክ አለው። የብረት መስቀልን በማርች 1813 ያቋቋመው ከናፖሊዮን ጋር ይዋጋ የነበረው የፕሩሺያው ንጉሥ ፍሪድሪክ ዊልሄልም ሦስተኛ ነው። ሂትለር ደግሞ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፣ ጦሩ ፖላንድን በወረረበት በዚያው ዕለት፣ መስቀሉን በአዋጅ አደሰውና ቀድሞ ያልነበረ ደረጃ ጨመረበት። ይህ አዲስ ደረጃ በጀርመንኛ ሪተርክሮይትስ፣ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ የፈረሰኛ መስቀል የሚባለው ነው። እንደ ሌሎቹ ኒሻኖች ደረት ላይ አይሰካም፤ በጥቁር፣ ነጭና ቀይ ጥብጣብ ከአንገት ሥር፣ ልክ ከሸሚዙ ኮሌታ መገናኛ ላይ ይንጠለጠላል። ቆየት ብሎ የኦክ ቅጠል፣ ከዚያ ሰይፍ፣ ከዚያም አልማዝ የሚባሉ ተጨማሪ ደረጃዎች ተደራረቡበት። መስቀሉን ከ7,000 በላይ ሰዎች የተሸለሙ ሲሆን፣ እስከ ሰይፍ የደረሱት 160 ያህል፣ አልማዝ ያገኙት ግን 27 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ 27 ሰዎች መካከል ከከፍታ ላይ በአግድም እየበረረ ቦምብ በመጣል ሥራው ለአልማዝ የበቃ አንድም አብራሪ የለም። ቁልቁል እየተወረወረ የሚመታውን ስቱካን ይዞ ከ2,500 ጊዜ በላይ ለግዳጅ የበረረው ሃንስ ኡልሪሽ ሩደል ከአልማዝም በላይ የሆነ፣ እሱ ብቻ የተቀበለው የወርቅ ቅጠል ነበረው፤ የስቱካዎቹ ነገር ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ወታደሮቹ በመካከላቸው ይነጋገሩበት የነበረ አንድ አባባል ስለዚህ መስቀል ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይልቅ አስረድቶኛል። ኒሻን ፍለጋ የሰዎቹን ሕይወት የሚያስጨርስ አዛዥ ሲያጋጥማቸው «ጉሮሮውን ያመዋል» ይሉ ነበር። አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው መስቀል ስለጎደለው ሕመሙ አይለቀውም፣ እስኪያገኘውም ድረስ እኛን ይዞ ወደ እሳት ይገባል ማለታቸው ነው።

ከመስቀሉ ዝቅ ያለ፣ በደረቅ ቁጥር የሚሰጥ ሌላ ምልክትም ነበር። ከጃንዋሪ 1941 ጀምሮ 20 ጊዜ ለግዳጅ የበረረ የቦምብ ጣይ ባልደረባ የነሐስ፣ 60 ጊዜ የበረረ የብር፣ 110 ጊዜ የበረረ የወርቅ ምልክት ግራ ደረቱ ላይ ይሰካ ነበር። የዚህን ምልክት ፎቶግራፍ አጉልቼ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ የተዘረጉ የኦክ ቅጠሎች አሉት፤ መካከሉ ላይ የቅጠል አክሊል አለ፤ በአክሊሉ ውስጥ ክንፍ የተገጠመላት ቦምብ አፍንጫዋን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትታያለች። የጌጥ ሠራተኛው እጅግ ተጠብቦበታል። ቦምቧ ግን ገና በመውደቅ ላይ ናት፤ የምታርፍበት ነገር አልተቀረጸም።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ ቀላል ነበር የሚል ካለ ስለ ዩንከርስ 88 አውሮፕላን ጥቂት ያንብብ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከትናንሽ ጠፍጣፋ መስታወቶች የተገጣጠመ ስለሆነ ከፊት ሲያዩት የነፍሳት ዓይን ይመስላል። አራቱ ሰዎች ሁሉ የሚገቡት በዚያች አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አብራሪው ከፊት በግራ በኩል ይቀመጣል፤ ቦምቡን የሚያነጣጥረው ሰው ከጎኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ የሬዲዮ ሠራተኛው ጀርባውን ለአብራሪው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ጭራው አዙሮ፣ መትረየስ ይዞ ይጠብቃል፤ አራተኛው ሰው ደግሞ ከሥራቸው በተቀጠለች እንደ ሣጥን ባለች ጎድጓዳ ቦታ በሆዱ ተኝቶ የኋላውንና የታችኛውን አየር ይቃኛል። የሚገቡትም የሚወጡትም በዚያችው በታችኛዋ ሣጥን በኩል ነው። ተቀራርበው መቀመጣቸው መንፈሳቸውን ያጠነክረዋል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን አንዲት የአየር መቃወሚያ ጥይት እዚያች ክፍል ውስጥ ብትፈነዳ አራቱም አብረው ያልቃሉ። ይህን ሁሉ አብረው የተካፈሉት አራት ሰዎች ሆነው ሳለ፣ መስቀሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ለአብራሪው ነው። አነጣጣሪዎችና የሬዲዮ ሠራተኞች የተሸለሙበት ጊዜ ቢኖርም ቁጥራቸው ከአብራሪዎቹ ጋር አይወዳደርም። በግራው ረድፍ ላይ የአንድ ሰው ስም በጻፍኩ ቁጥር ስማቸው ያልተጻፈ ሦስት ሰዎች ከኋላው እንዳሉ ራሴን አስታውሳለሁ።

የጀርመን አየር ኃይል መኖሩ በይፋ የታወቀው በማርች 1935 ነው። ከዚያ በፊት በቬርሳይ ውል መሠረት ጀርመን የጦር አውሮፕላን እንዳይኖራት የተከለከለች ስለነበረች፣ አብራሪዎቿን ከ1925 እስከ 1933 በሶቪየት ኅብረት፣ ሊፔትስክ በተባለች ከተማ በምሥጢር ስታሠለጥን ቆይታለች። ቦምብ ጣዮቹ ሥራቸውን በጦር ሜዳ የተለማመዱት ደግሞ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት፣ ኮንዶር ሌጌዎን በተባለው ክፍል ውስጥ ነው። ኤፕሪል 26 ቀን 1937፣ በገበያ ቀን፣ የባስኮችን ከተማ ጌርኒካን አቃጠሏት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 1939፣ በስፔን ላገለገሉት ሁሉ የስፔን መስቀል የሚባል ልዩ ኒሻን ተቋቋመላቸው። በደብተሬ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፉት እነዚህ ሁለት ቀኖች ናቸው።

ረዘም ላለ ጊዜ የቆየሁት ግን ሮተርዳም ላይ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ቀን ከአየር ላይ የነበረው ሰው የተለየ ነገር ለማድረግ የሚችልባት ቅጽበት በግልጽ ስለምትታይ ነው። ሜይ 14 ቀን 1940 ረፋድ ላይ ጄኔራል ሩዶልፍ ሽሚት የከተማዋን መከላከያ ለሚያዙት ለሆላንዱ ኮሎኔል ስኻሩ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ላከ። ወረቀቱ ላይ የላኪው ስም፣ ማዕረግና ፊርማ ስላልነበረ ኮሎኔሉ ይህ ተሟልቶ እንዲመጣ ጠይቀው መለሱት። ሽሚት አዲስ ደብዳቤ ጻፈ፤ የጊዜ ገደቡም ወደ ከሰዓት በኋላ ተራዘመ። በዚያው ሰዓት ግን ካምፍገሽዋደር 54 የተባለው የቦምብ ጣይ ክፍል 100 ያህል ሃይንከል 111 አውሮፕላኖችን ይዞ በሁለት አቅጣጫ እየገሰገሰ ነበር። ድርድር ከተጀመረ ጥቃቱ እንደሚቀር፣ ለዚህም በወንዙ መካከል ካለችው ደሴት ቀይ የምልክት ጥይት ወደ ሰማይ እንደሚተኮስ አስቀድሞ ስምምነት ነበር። ጥይቶቹ ተተኮሱ። በኮሎኔል ላክነር የሚመራውና ከምሥራቅ የመጣው ቡድን በጭሱ ውስጥ ቀዩን ብርሃን አላየሁም ብሎ ቦምቡን ጣለ። ከደቡብ የመጣውን ቡድን የሚመራው ሌተና ኮሎኔል ኦቶ ሆነ ግን በመጨረሻዋ ደቂቃ አየው፤ የእሱ ቦምቦች ተለቅቀው ነበርና የተከተሉትን አውሮፕላኖች በሬዲዮ አስቁሞ መለሳቸው። ከ100ዎቹ 57ቱ ጣሉ፤ የቀሩት ቦምባቸውን እንደያዙ ዞሩ።

በቀኝ በኩል የጻፍኩት ይህን ነው፦ 850 ያህል ሰው ሞተ፤ 25,000 ያህል መኖሪያ ቤት ጠፋ፤ 80,000 የሚጠጋ ሕዝብ መጠለያ አጣ፤ የከተማዋ አሮጌ እምብርት በሙሉ ነደደ። በማግስቱ ዩትሬኽትም እንደዚሁ ትሆናለች ስለተባለ የሆላንድ ጦር በዚያው ምሽት እጁን ሰጠ። ሆነ በዚያው ዓመት የፈረሰኛ መስቀሉን ተቀበለ። የተሸለመው በዘመቻዎቹ ሁሉ ስላሳየው የአመራር ችሎታ ነው፤ ያን ዕለት አውሮፕላኖቹን መልሶ ያዳናቸው ሰዎች ግን ለመስቀሉ ከሚቆጠሩት ነገሮች ውስጥ አይገቡም። እኔ ስለዚያ ሰው የማስታውሰው ግን ኒሻኑን ሳይሆን ያቺን መመለስ ነው። ለመዞር የሚያስፈልገው ነገር ቀይ ብርሃን ማየት ብቻ ከነበረ፣ ያላዩት ምን ያህል ሊያዩ ፈልገው ነበር የሚለው ጥያቄ እስካሁን አይለቀኝም።

ስለ እንግሊዝ ከተሞች ብዙ ስለተጻፈ አጠር አደርገዋለሁ። ለንደን ከሴፕቴምበር 7 ቀን 1940 ጀምሮ 57 ሌሊት በተከታታይ ተደበደበች። ኖቬምበር 14 ሌሊት ካምፍግሩፐ 100 የተባለው ክፍል ከባሕሩ ማዶ በተላኩ የሬዲዮ ጨረሮች እየተመራ ኮቨንትሪን አገኛት፤ ጨረሮቹ እርስ በርስ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሲደርስ የሚያቀጣጥሉ ቦምቦችን ለቀቀና ከኋላው ለመጡት መቶዎች ከተማዋን በእሳት አመለከታቸው። ጨለማ ውስጥ ዒላማን በዚያ ትክክለኛነት ማግኘት በዘመኑ ታላቅ የቴክኒክ ጥበብ ነበር። ከታች 568 ሰዎች ሞቱ፤ የቅዱስ ሚካኤል ካቴድራልም ግድግዳው ብቻ ቀረ። የጀርመን ፕሮፓጋንዳ ከከተማዋ ስም «ማኮቨንተር» እንደ ማለት ያለ ግሥ ፈጥሮ ከተማን ፈጽሞ ማውደም ለሚለው ሐሳብ ይጠቀምበት ጀመር።

ከፍተኛውን ደረጃ ያገኙት ቦምብ ጣዮች ግን በብዛት መርከብ አዳኞች ናቸው። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም፤ የመርከብ ቶን ይቆጠራል፣ ይደመራል፣ በጋዜጣ ይወጣል። ከቦምብ ጣዮች ሁሉ ቀድሞ እስከ ሰይፍ የደረሰው ቨርነር ባውምባኽ ነው። በ1916 ክሎፐንቡርግ የተወለደው ይህ ሰው በካምፍገሽዋደር 30 ውስጥ ዩንከርስ 88 ያበር ነበር፤ በኤፕሪል 1940 ናምሶስ በተባለው የኖርዌይ ወደብ አካባቢ ኤሚል በርታን የተባለችውን የፈረንሳይ የጦር መርከብ አጥቅቶ በሚቀጥለው ወር የፈረሰኛ መስቀሉን፣ በኦገስት 1942 ደግሞ ሰይፉን ተቀበለ። ፕሮፓጋንዳው ከ300,000 ቶን በላይ አስጥሟል እያለ ፎቶግራፉን በየመጽሔቱ ያወጣ ነበር። ከሺህ ሜትሮች ከፍታ ላይ፣ በጭስና በተኩስ መካከል፣ የተመታች መርከብ ሰጠመች ወይስ ቆሰለች ብሎ መለየት አስቸጋሪ በመሆኑ የቶኑ ቁጥር ከእውነቱ እየራቀ መሄዱ የታወቀ ነው። ኤሚል በርታን ራሷ ጦርነቱን በሕይወት አልፋ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ቆይታለች።

ዮአኺም ሄልቢግ የሠራው ግን ከሁለቱም ወገን የተመዘገበ ነው። ሜይ 11 ቀን 1942 ከአሌክሳንድሪያ የወጡ አራት ዲስትሮየር የሚባሉ ፈጣን የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ወደ ቤንጋዚ የሚሄድ የጠላት ጉዞ ለመቁረጥ ሲቀዝፉ፣ ሌርገሽዋደር 1 በተባለው የቦምብ ጣይ ክፍል ሥር ያሉት የሄልቢግ አብራሪዎች ከቀርጤስ ተነሥተው አገኟቸው። ላይቭሊ ሰጠመች፤ አመሻሽ ላይ ኪፕሊንግ ተከተለቻት፤ ጃካል በእሳት ተያይዛ ስትጎተት አድራ በማግሥቱ በራሷ ወገኖች እንድትሰጥም ተደረገ። ጀርቪስ የተባለችው አራተኛዋ ከሦስቱ የተረፉትን 630 ያህል መርከበኞች ከባሕር እየለቀመች፣ መርከቧ ሰው በሰው ሆና ወደ አሌክሳንድሪያ ተመለሰች። በጦርነት ሕግ ዓይን ይህ ወታደር ከወታደር የተዋጋበት ውጊያ ነው፤ እኔም እንደዚያው ጻፍኩት። ነገር ግን በዚሁ ገጽ ላይ ሌላም የተጻፈ አለ። በሚቀጥለው ወር፣ በጁን 13 ሌሊት፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ኮማንዶዎች ሄራክሊዮን አውሮፕላን ማረፊያ ሾልከው ገብተው 20 ያህል ዩንከርሶችን በፈንጂ አወደሙ። የጀርመን ባለሥልጣናትም በማግሥቱ 50 የቀርጤስ ሰዎችን በበቀል ረሸኑ። ትእዛዙን የሰጡት አብራሪዎቹ አይደሉም። ይሁንና አውሮፕላኖቹ የሚነሡበት ያ ሜዳ የማን አገር እንደነበረ፣ በማን ደምም እንደተጠበቀ ሳይጻፍ የሄልቢግ ገጽ ሙሉ ሊሆን አልቻለም።

ሃዮ ሄርማን ላይ ስደርስ ለብዙ ቀን ማለፍ አቃተኝ። በኤፕሪል 6 ቀን 1941 ጠዋት ጀርመን ዩጎዝላቪያንና ግሪክን በአንድ ጊዜ ወረረች፤ ቤልግሬድም በዚያው ጠዋት በቦምብ ነደደች። ማታ ደግሞ ሄርማን የሚመራው የዩንከርስ 88 ቡድን ከሲሲሊ ተነሥቶ የአቴና ወደብ በሆነችው በፒሬዎስ መግቢያ ላይ የባሕር ፈንጂ ለመጣል ሄደ። ሄርማን ከፈንጂዎቹ ሌላ 250 ኪሎ የሚመዝኑ ቦምቦችም እንዲጫኑ አድርጎ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ተኪዶ ፈንጂ ብቻ ጥሎ መመለስ አልታየውም። ቦምቦቹ ክላን ፍሬዘር የተባለችውን የእንግሊዝ ጭነት መርከብ መቱ። መርከቧ ገና ያልወረደ ከ200 ቶን በላይ ፈንጂ ይዛ ነበር። ለሰዓታት ስትነድ ቆየችና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፈነዳች። ወደቡ፣ በወደቡ የነበሩ በርካታ መርከቦች፣ መጋዘኖቹና ክሬኖቹ ተጠራርገው ሄዱ፤ ለግሪክና ለእንግሊዝ ጦር ስንቅና መሣሪያ ይገባበት የነበረው ዋነኛ በር በአንድ ሌሊት ተዘጋ፤ የአቴና መስኮቶች ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ረገፉ። የሄርማን አውሮፕላን በመቃወሚያ ተመትቶ ስለነበረ ወደ ሲሲሊ መመለስ አልቻለም፤ በኢጣሊያ እጅ ወደ ነበረችው ወደ ሮድስ ደሴት በረረና አረፈ።

ያን ሌሊት እንደ ወታደራዊ ሥራ ብቻ ካየነው፣ አንድ ሰው በራሱ ሐሳብ በጨመራቸው ጥቂት ቦምቦች የተገኘ እጅግ ትልቅ ውጤት ነው፤ የሄርማን ስም እስከ ዛሬ የሚነሣውም በዚሁ ነው። የሚቀጥለው የሕይወቱ ክፍል ግን ይበልጥ አሳሰበኝ። በ1943 የሃምቡርግና የሌሎች ከተሞች ሰማይ በእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ሲሸፈን፣ ይኸው ሰው ተዋጊ አውሮፕላኖችን በሌሊት ከሚነዱት ከተሞች በላይ አሰልፎ፣ የእሳቱን ብርሃን እንደ ፋኖስ እየተጠቀሙ ጠላትን እንዲያድኑ የሚያደርግ ዘዴ አመጣ። ከተማ ከላይ ሲታይ እንዴት እንደሚነድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረምና ዘዴው ከእሱ መምጣቱ አይገርምም። በጃንዋሪ 1944 ሰይፉን ተቀበለ። በመጨረሻው ወር፣ በኤፕሪል 1945፣ ወጣት አብራሪዎች አውሮፕላናቸውን ከአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ጋር እንዲያላትሙ የታቀደው ዘመቻም የእሱ ሐሳብ ነበር። ጉሮሮውን ያመዋል የሚለው አባባል ትዝ ያለኝ እዚህ ላይ ነው።

በርንሃርት ዮፐ በ1914 ላይፕሲግ የተወለደ ነው። ኦክቶበር 26 ቀን 1940፣ ከአየርላንድ ሰሜን ምዕራብ፣ አራት ሞተር ያለውን ፎከቩልፍ ኮንዶር እያበረረ ኤምፕረስ ኦቭ ብሪተን የተባለችውን 42,348 ቶን የምትመዝን የመንገደኛ መርከብ አገኘ። ዝቅ ብሎ እየተመላለሰ በቦምብ አቃጠላት፤ ከሁለት ቀን በኋላ እየተጎተተች ሳለ አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ ጨረሳት። በዚያ ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ካሰጠሟቸው የመንገደኛ መርከቦች ሁሉ ትልቋ እሷ ናት። ውስጧ ከነበሩት 640 ያህል ሰዎች አብዛኞቹ ሲተርፉ 45 ሰዎች ሞቱ። ዮፐ ዓመቱ ሳያልቅ የፈረሰኛ መስቀሉ አንገቱ ላይ ታሰረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከማርሴይ አጠገብ ካለው የኢስትር አውሮፕላን ማረፊያ ሲነሣ በካምፍገሽዋደር 100 ውስጥ አዛዥ ሆኖ ነበር። ቀኑ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1943 ነው። ከአንድ ቀን በፊት ኢጣሊያ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር ተኩስ ማቆሟ በሬዲዮ ተነግሯል። የኢጣሊያ የጦር መርከቦች በአድሚራል ካርሎ ቤርጋሚኒ መሪነት ከላ ስፔትሲያ ወጥተው በሰርዴኛ በኩል ይሄዱ ነበር። ዶርኒየር 217 የተባሉት አውሮፕላኖች የያዙት ፍሪትስ ኤክስ የሚባል 1,400 ኪሎ የሚጠጋ ከባድ ቦምብ ነው፤ ከተለቀቀ በኋላም በሬዲዮ ይታዘዛል። ከጭራው ላይ ደማቅ ብርሃን ይበራል፤ አነጣጣሪው በእጁ ያለችውን ትንሽ ዘንግ እያዘነበለ ያን ብርሃን ከመርከቧ ምስል ጋር ያገጣጥመዋል። አብራሪው በበኩሉ ቦምቡ ከአነጣጣሪው ዓይን እንዳይሰወር ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ግራና ቀኝ ሳይል፣ ለመቃወሚያ ጥይት ራሱን አጋልጦ መብረር አለበት። አንዱ ቦምብ ሮማ የተባለችውን ትልቋን መርከብ በስቶ ወጥቶ ከሥሯ ፈነዳ። ሌላው ከፊት ለፊት ካለው የጥይት መጋዘን አጠገብ ገባ። ከዚህ ሁለተኛ ምት በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መርከቧ ለሁለት ተሰብራ ሰጠመች። አድሚራሉን ጨምሮ ከ1,200 በላይ ሰዎች አብረዋት ጠፉ። ሁለት ቀን ቀደም ቢል ኖሮ እነዚህ ሰዎች የዮፐ የጦር ጓዶች ነበሩ። በማርች 1944 የኦክ ቅጠሉ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መውደቅ ነው። ዲሴምበር 2 ቀን 1943 በኢጣሊያ ባሪ ወደብ ላይ 105 ዩንከርሶች የጣሉት ቦምብ ጆን ሃርቪ የተባለችውን የአሜሪካ መርከብ ሲያቀጣጥል፣ መርከቧ በምሥጢር የሰናፍጭ ጋዝ ጭና ስለነበር ሐኪሞቹ በሽተኞቻቸው ምን እንደነካቸው ሳያውቁ ቀሩ፤ በጋዙ ተጎድተው ሆስፒታል ከገቡት 628 ሰዎች 83ቱ ሞቱ። ያን የአየር ክፍለ ጦር በበላይነት ያዝዝ የነበረው ቮልፍራም ፎን ሪሽትሆፈን በጌርኒካ ዘመን የኮንዶር ሌጌዎን ኤታማዦር ሹም የነበረው ሰው ነው። በጃንዋሪ 1944 ደግሞ ገና 29 ዓመቱ የነበረው ጄኔራል ዲትሪሽ ፔልትስ ለበርሊን መደብደብ አጸፋ ተብሎ ለንደንን እንዲያጠቃ ከ500 በላይ አውሮፕላን ተሰበሰበለት። ሽታይንቦክ የተባለው ይህ ዘመቻ በሜይ ሲያበቃ ከ300 በላይ አውሮፕላኖች ከነሰዎቻቸው ጠፍተው ነበር፤ ብዙዎቹም በቂ ሥልጠና ያላገኙ ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ነዳጅ ስለጠፋ የቦምብ ጣይ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ፈረሱ፤ ሰዎቹም ወደ ተዋጊ አውሮፕላንና ወደ እግረኛ ጦር ተበተኑ። ከ650 ጊዜ በላይ ለግዳጅ የበረረው፣ በብዛቱም ከቦምብ ጣይ አብራሪዎች ሁሉ የሚበልጠው ሃንስገኦርግ ቤቸር በሕይወት ተርፎ እስከ 2003 ኖሯል። በአንዲት ቁጥር ስር የተደመሩትን 650 ሌሊትና ቀኖች በቀኝ በኩል ልጽፋቸው ሞክሬ ገጹ አልበቃኝም።

ከጦርነቱ በኋላ በምዕራብ ጀርመን የናዚ ዘመን ኒሻኖችን ማድረግ ተከልክሎ ቆይቶ፣ በጁላይ 1957 የወጣ ሕግ ስዋስቲካው ተነሥቶላቸው እንዲደረጉ ፈቀደ። ባውምባኽ ወደ አርጀንቲና ሄዶ በ1953 በላፕላታ ወንዝ አፍ ላይ የእንግሊዝ ሥሪት ላንካስተር ቦምብ ጣይ ሲሞክር ወድቆ ሞተ። ሄርማን ከሶቪየት እስር በ1955 ተፈትቶ ሕግ አጠና፤ ጠበቃም ሆኖ የአይሁድን እልቂት ለሚክዱ ሰዎች ይከራከር ነበር፤ በ2010 በ97 ዓመቱ ሲሞት በሐሳቡ የተለወጠ ሰው አልነበረም። ፕሬዚዳንት ሮማን ሄርጾግ በ1997 ለጌርኒካ ሰዎች የጀርመንን ጥፋተኝነት ያመኑበትን ቃል ላኩ፤ ፓርላማው በሚቀጥለው ዓመት የኮንዶር ሌጌዎን አባላት እንዳይከበሩ ወሰነ፤ በ1999 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሩዶልፍ ሻርፒንግ ጦሩ ከመስቀሉ ተሸላሚዎች ማኅበር ጋር ይፋዊ ግንኙነት እንዳይኖረው አዘዙ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከተሸላሚዎቹ ብዙዎቹ በሕይወት ነበሩ። ውሳኔው ዘግይቷል ብዬ አምናለሁ፤ የጌርኒካ ሽማግሌዎች ያን ቃል ለመስማት 60 ዓመት መጠበቅ አልነበረባቸውም።

በርንሃርት ዮፐ ከጦርነቱ በኋላ የሉፍትሐንዛ አብራሪ ሆኖ መንገደኞችን ሲያመላልስ ኖረ። በ1995 ሞተ። ሮማን ግን የት እንደተኛች የሚያውቅ አልነበረም፤ በጁን 2012 ከሰርዴኛ ሰሜን፣ በአዚናራ ባሕረ ሰላጤ፣ 1,000 ሜትር በሚያህል ጥልቀት ውስጥ በሮቦት ካሜራ ተገኘች። በደብተሬ በቀኝ በኩል መጨረሻ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው፦ መርከቧ ተሰባብራ ተኝታለች፤ መድፎቿ ጭቃው ላይ ናቸው፤ ሰዎቹም እዚያው አሉ።